ከግድግዳው ወዲያ የነበረው ሳል

የሰፈራችሁን ስም ትርጉም ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ ሰፈር ከፒያሳ ቁልቁል ያለው እሪ በከንቱ ነው። ልጅ ሳለሁ ታላላቆቻችን፣ «ድሮ እዚህ ጉድባ ውስጥ መንገደኛ በሌባ ተይዞ እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ስሙ የወጣው» ይሉን ነበር። እኛ እየሳቅን እንሰማቸው ነበር። ያ ስም አንድ ቀን በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጆሮዬ ላይ ይፈጸማል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላይ በትርፍ ጊዜዬ አንዲት ትንሽ የሲኤንሲ ማሽን ሠርቼ ጨረስኩ። ለማታውቋት በአጭሩ ልንገራችሁ፦ በኮምፒውተር የተሳለውን ሥዕል ተቀብላ፣ በሞተሮች እየተገፋች ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ ፊትና ኋላ፣ ወደ ላይና ታች እየተንቀሳቀሰች እንጨት የምትቀርጽ ማሽን ናት። በየእንጨት ሥራ ቤቱ በርና አልጋ የሚቀርጹት የእሷ ታላላቅ እኅቶች ናቸው። የእኔዋ ጠረጴዛ ግን 60 በ90 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መቁረጫውን የሚያዞረው ራውተር በደቂቃ ከ10,000 እስከ 30,000 ጊዜ ይሽከረከራል።

ቀን ቀን የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ከኤምዲኤፍ ፊደል እቆርጥ ነበር፤ ለሠርግ የሙሽሮች ስም፣ ለልጆች መኝታ ቤት ዝሆንና ቀጭኔ፣ በየወገኖቻችን ሳሎን ግድግዳ ላይ የምታዩዋቸውን ጥቅሶች። ገንዘቡ ብዙ ባይሆንም ለልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ይደጉም ነበር። ከገንዘቡ በላይ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ማሽኗ ስትንቀሳቀስ ቆሞ ማየት ብቻ ያስደስተኝ ነበር።

ቤታችን ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ማሽኗን ያቆምኩት ከቤቱ ጋር ተያይዛ በቆርቆሮ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። በእሷና በእናቴ አልጋ መካከል ያለው ግድግዳ አንድ ኮምፔርሳቶ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እማዬ ሳል ጀመራት። አስም ቀድሞም ነበረባት፤ ይህኛው ግን ሌላ ነበር። ደረቅ፣ ረጅም፣ ሌሊት የሚብስ ሳል። ከግድግዳው ወዲያ እሷ ትስላለች፤ ከግድግዳው ወዲህ የእኔ ማሽን ይጮኻል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ነገረችኝ። «እማማ አንተ በሠራህ ማታ ይብስባቸዋል፤ ይሄ ነገር ይሆን እንዴ?» አለችኝ። «ድሮም አስም አለባት፤ ወቅቱም ብርድ ነው» አልኳት። እኔ በበኩሌ አቧራውን ችላ ያልኩ አይመስለኝም ነበር። ሥራ ስጨርስ በመጥረጊያ ጠራርጌ፣ ሰጋቱራውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ አወጣ ነበርና።

በመጨረሻ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ወጣቷ ሐኪም ደረቷን ካዳመጠች በኋላ፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ ጭስ ወይም አቧራ አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

እማዬ ወደ እኔ አላየችም። «ኧረ ምንም የለ፣ ልጄ። ብርድ ነው የመታኝ» አለቻት።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችኝና፣ «እርስዎስ ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች።

«የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ» አልኩ።

አልዋሸሁም፣ አይደል? ነገር ግን በዚያች ሰዓት በጆሮዬ ውስጥ የኤምዲኤፍ ብናኝ ነበረ። እናቴ ልጇን ላለማሳጣት ሳሏን ዋጠች፤ እኔ ደግሞ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ዋጋ ንረት እያወራን ነው የሄድነው።

በዚያው ሳምንት፣ አንድ ማታ እየሠራሁ ሳለ መብራት ጠፋ። ማሽኗ ቆመች። ሰፈሩ ጸጥ አለ። ወደ ዋናው ቤት ገባሁና የእጅ ባትሪ አበራሁ። የባትሪው ብርሃን በእኔና በእማዬ አልጋ መካከል እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ዱላው ውስጥ እልፍ ብናኝ ይዋኛል። ማሽኗ ባለችበት ክፍል ሳይሆን፣ እናቴ በተኛችበት ክፍል! ቆሜ ጠበቅሁ። ብናኙ ወደ መሬት አልወረደም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳበራ ያው ነበር። እማዬ በጨለማው ውስጥ ሳለች፤ ብናኙ በትንፋሿ ሲገፋ አየሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ማንበብ ጀመርኩ፤ ካነበብኩትም ጥቂቱን ላካፍላችሁ፤ ምናልባት ከእናንተም መካከል በሥራው ወይም በልጁ ወይም በባሏ በኩል ከእንጨት ጋር የሚኖር አይጠፋም።

የምናየው ሰጋቱራ ጠላታችን አይደለም። እሱ ይወድቃል፤ ይጠረጋል። የሚጎዳው የማይታየው ነው። የአንድ ሰው ጠጉር ውፍረት በግምት 70 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር ሺሕኛ ክፍል ነው። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነ ብናኝ አፍንጫና ጉሮሮን አልፎ ወደ ሳንባ ይገባል። ከ2.5 በታች የሆነው እስከ ሳንባ ጥልቅ ድረስ ይዘልቃል። ኤምዲኤፍ ደግሞ ከተፈጨ እንጨትና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ ስለሆነ ሲቆረጥ ብናኙ ከሁሉ የደቀቀ ነው፤ ኮላው ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለበት። እኔ በመጥረጊያ «አጸዳሁ» ስል ትልቁን አውጥቼ ትንሹን ወደ አየር አስነሳው ኖሯል።

በእንግሊዝ አገር ሃይ ዋይኮም የምትባል በወንበርና በቤት ዕቃ ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያ የምትሠራ ኤስሜ ሃድፊልድ የተባለች የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም፣ በሌላ ቦታ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ካንሰር በከተማዋ የእንጨት ሠራተኞች ላይ መብዛቱን አስተዋለች። ከባልደረቦቿ ጋር ያደረገችው ጥናት በ1968 ታተመ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ ያስገባው በ1995 ነው። ፎርማልዴሃይድንም በ2004 በዚያው ምድብ አስገብቶታል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ ያቺ ሐኪም የታካሚዎቿን ሥራ መጠየቋ ነው የገረመኝ። የእኔም ሐኪም ጠይቃኝ ነበር፤ መልሱን የነፈግኋት እኔ ነኝ።

መፍትሔው ማሽኗን መሸጥ ሊሆን ይችል ነበር። አስቤበታለሁም። ግን በቅድሚያ አንድ ጎረቤቴን አማከርኩ። ዕድሜውን ሙሉ ፒያሳ ወርቅ ቤት የሠራ ሽማግሌ ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። የወርቅ ሠሪ ጠረጴዛ ፊቱ ጎደጎድ ያለ ነው፤ ከሥሩ ቆዳ ይዘረጋል፤ ሞረድ የነካው ወርቅ ሁሉ እዚያ ቆዳ ላይ ያርፋል። እጅ የታጠበበት ውኃ እንኳ አይደፋም፤ ይዘቅጣል። ጋሼ ችግሬን ሰምቶ፣ «ወርቁ ወለል ላይ ከወደቀ በኋላ ከምትለቅመው፣ ከሞረዱ ሥር ተቀበለው። ያንተም እንደዚያው ነው» አለኝ። የሥራውን ቁም ነገር በአንድ አፍ ነገረኝ። ወርቅ ቢሆን ኖሮ እኮ እኔም ገና ድሮ ከሥሩ እቀበለው ነበር!

እናም ለማሽኗ አቧራ መቀበያ ልሠራ ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ሙከራዬ የስንፍና ነበር። ከመኪና እጥበት ቤት የወጣ አሮጌ ቫኪዩም መርካቶ ምናለሽ ተራ ገዛሁና ቱቦውን በፕላስተር ከራውተሩ ጎን አሰርኩት። ግማሹን ይስባል፤ ግማሹን መቁረጫው ወዲያ ማዶ ይበትነዋል። ይባስ ብሎ የቫኪዩሙ ማጣሪያ ጨርቅ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይደፈናል። እስቲ አስቡት፦ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መቁረጫ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ጣውላ አንድ ሜትር ሲቆርጥ 108 ሴንቲ ሜትር ኩብ እንጨት ወደ ብናኝ ይለውጣል። አንድ ጥቅስ ደግሞ ፊደሉ ሲዞር ሲዞር አሥር ሜትር ይሆናል። ይህ ከአንድ ሊትር በላይ ጥቅጥቅ እንጨት ነው፤ ሲላላ ስንት እጥፍ እንደሚሆን የጠረገ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ሙከራ «ጫማ» ነው፤ በመቁረጫው ዙሪያ የሚጠልቅ ክዳን ማለት ነው። ከፕሌክሲ ግላስ ቆረጥኩት፤ የቆረጠችውም ራሷ ማሽኗ ናት። የራውተሩ ወገብ 65 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዚያ ልክ ቀዳዳ አወጣሁ፤ ከጎኑ ደግሞ 50 ሚሊ ሜትር ለቱቦው፤ ቱቦውን በፋሼታ አጠበቅሁት። ብርሃን አሳላፊ መሆኑ በጣም ይጠቅማል፤ መቁረጫው የት እንዳለ ታያላችሁ። በሁለት ክፍል ነው የሠራሁት። የላይኛው እንደታሰረ ይቀራል፤ የታችኛው ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ በፈታኋቸው ማግኔቶች ይጣበቃል። መቁረጫ መቀየር ሲያስፈልግ ብሎን ሳልፈታ እጎትተዋለሁ። መጀመሪያ በብሎን አስሬው ነበር፤ ያስቸግራል ብዬ በሦስተኛው ቀን ሳልገጥመው መሥራት ጀመርኩ። ለማውለቅ የሚያስቸግር መከላከያ ሰው አይጠቀምበትም፤ እኔን አይታችሁ ተማሩ።

ያስቸገረኝ ቀሚሱ ነው። ክዳኑ ከጣውላው ጋር እንዳይጋጭ ከፍ ማለት አለበት፤ ከፍ ሲል ደግሞ ብናኙ በክፍተቱ ያመልጣል። ስለዚህ ዙሪያውን የሚጋርድ፣ የሚተጣጠፍ ነገር ያስፈልጋል። የፕላስቲክ መጥረጊያ ቆራርጬ ሰካሁ። ደረቅ ሆነ። መቁረጫው ወደ ታች ሲጠልቅ ክዳኑም አብሮት ስለሚወርድ፣ መጥረጊያው ጣውላውን ተደግፎ ማሽኗን ወደ ላይ መግፋት ጀመረ፤ ፊደሎቹ ጥልቀታቸው ተዛነፈ። የመኪና ካላማደሪያ ጎማ በጨርቅ መልክ ሸንሽኜ ሞከርኩ። ጎማው ደግሞ አየር የሚገባበት አሳጥቶ ከጣውላው ላይ ተጣበቀ። ይህን ከመሞከሬ በፊት አላውቅም ነበር፦ ቫኪዩም ብናኝ የሚስበው ከአየር ጋር ነው፤ አየር የሚገባበት ከሌለ የሚስበውም የለም። እንግዲህ የሚፈለገው ለስላሳ፣ የሚታጠፍ፣ አየር የሚያሳልፍ፣ ብናኝ የማያሳልፍ ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ሳማርር እማዬ ከአልጋዋ ሆና ትሰማለች። ጥቂት ቆይታ፣ «ና እስቲ» አለችኝ። ከራስጌዋ ጭራዋን አንሥታ ሰጠችኝ። ዝንብ የምታባርርበት፣ አባቴ ከአገር ቤት ያመጣላት የፈረስ ጭራ ነው። «ይሄ አይሆንህም?» አለች።

«እማዬ፣ ይሄማ የአባዬ አይደል?» አልኳት።

«እሱ ቢኖር ይሰጥህ ነበር። እኔ እንደሆን ዝንቡን በነጠላዬ አባርራለሁ» አለችኝ።

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ጤና ጣቢያም ታውቅ ነበር። እኔም ያን ጊዜ ነው ይቅርታ የጠየቅኳት። ምን እንዳልኳት እዚህ አልጽፈውም።

የፈረስ ጭራ፣ ወገኖቼ፣ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። በትንሽ በትንሹ አስሬ በክዳኑ ጠርዝ በተቆረጠ ቦይ ውስጥ በኮላ ተከልኩት። ርዝመቱን ከጣውላው ፊት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲያልፍ አድርጌ በመቀስ አስተካከልኩ። መቁረጫው ሲጠልቅ ጠጉሩ ይተኛል፤ ሲነሣ ይነሣል፤ ማሽኗን አይገፋም።

የቀረው የማጣሪያው መደፈን ነው። ለዚህ መልሱ አውሎ ነፋስ ነው፤ ሳይክሎን ይሉታል። አየሩ ሾጣጣ ዕቃ ውስጥ ከጎን ይገባል፤ ግድግዳውን ታክኮ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ብናኝ ወደ ግድግዳው ተወርውሮ እየተንሸራተተ ወደ ታች ባልዲ ይወርዳል፤ አየሩ በመካከለኛው ቱቦ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ቫኪዩሙ ይሄዳል። እንግሊዛዊው ጄምስ ዳይሰን ከረጢት የሌለውን የቤት ቫኪዩም ያሰበው በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት እንዲህ ያለ ትልቅ ሾጣጣ አይቶ ነው። ከ1978 ጀምሮ 5,127 ናሙና ሠርቷል ይባላል። እኔ ለአራት ሙከራ መማረሬን ሳስበው አፍራለሁ።

ሾጣጣውን የሠራልኝ የምናለሽ ተራ ላሜራ ሠሪ ነው። ሥዕሌን አገላብጦ አየና፣ «ወፍጮ ቤት ያለውን ነው የምትለኝ» አለኝ። እኔ ከስንት ንባብ በኋላ የደረስኩበትን እሱ በአንድ እይታ አወቀው። ከሥሩ የቀለም ባልዲ አደረግሁ። ቱቦው አንድ ቀን ሲታፈን ቫኪዩሙ ባልዲውን «ጧ!» አድርጎ እንደ ወረቀት ጨመደደው፤ ልጆቼ እስከ ዛሬ ያንን እያስመሰሉ ይስቁብኛል። በወፍራም የላሜራ ባልዲ ለወጥኩት። ክዳኑ አየር እንዳያስገባ በጎማ መደፈን አለበት፤ ከታች አየር ከገባ የወረደው ብናኝ ተመልሶ ይነሣል።

ላሜራ መሆኑ ለሌላም ይጠቅማል። አንድ ቅዳሜ የደነዘዘ መቁረጫ አንድ ቦታ ላይ ቆይቶ ሲሽከረከር የተቃጠለ ሸተተኝ። ባልዲውን ስከፍት ሰጋቱራው መካከል ቀይ ፍም አፍጥጦ ያየኛል። ቫኪዩሙ ትንሿን ፍም ስቦ አስገብቷታል። የእኛ ሰፈር ቤት ጭቃና እንጨት ነው፤ ተደጋግፎ የቆመ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ጭሱን ከደጃፋችን ሆነን አይተናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ባልዲውን ማታ ማታ ሳላወጣ አልተኛም፤ ውኃም አርከፈክፍበታለሁ። ደረቅ ብናኝ በፕላስቲክ ቱቦ ሲሮጥ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጥርም በቱቦው ውስጥ ባዶ የመዳብ ሽቦ አሳልፌ ከመሬት ጋር አገናኝቼዋለሁ፤ እጄን መንዘሩን ትቷል።

ሳይክሎኑ ትልቁን ይይዛል እንጂ ደቃቁን ሁሉ አይዝም። ደቃቁ እስከ ቫኪዩሙ ይደርሳል። ስለዚህ ከ0.3 ማይክሮን ብናኝ 99.97 በመቶውን የሚይዝ ሄፓ የሚባል ማጣሪያ እስካገኝ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። እስከዚያው የጭነት መኪና የአየር ፊልትሮ አድርጌ ነበር፤ ከምንም ይሻላል፣ ግን እንደሱ አይሆንም። አሁንም ስሠራ ፊት ላይ የሚገጥም ኤን 95 ጭምብል አደርጋለሁ። በኮሮና ጊዜ የተረፈው ቀጭኑ ሰማያዊ ጨርቅ ለዚህ አያገለግልም፤ በጎኑ ያስገባል። በኮምፔርሳቶው ግድግዳ ላይ የነበሩትንም ስንጥቆች ሁሉ በሲሊኮን ደፈንኳቸው። ይህ የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር። ከሁሉ በፊት መሠራት የነበረበትም ይኸው ነበር።

ሁሉም ተገጣጥሞ ባለቀ ማታ አንድ ሙሉ ጥቅስ ቆረጥኩ። ከዚያ አምፖሉን አጥፍቼ ባትሪ አበራሁ። በማሽኗ ክፍል ውስጥ ጥቂት ብናኝ ይዞራል። በእማዬ ክፍል ብርሃኑ ባዶ ነበር። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት። «ምን ላይ?» አለችኝ። ምንም አልነበረም፤ የጠራኋት እሱን ላሳያት ነበር።

ጌታ ይመስገን፣ ሳሉ በአንድ ወር ውስጥ ቀለለ። አስሟ ግን አለቀቃትም፤ የምትነፋው መድኃኒት እስከ ዛሬ ከራስጌዋ አይጠፋም። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ያቺን ሐኪም ፈልጌ ሥራዬን ነገርኳት። ከካርዱ ላይ ጻፈችው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳና በዙሪያው ብዙ ቤት ፈርሶ ብዙ ጎረቤት ተበትኗል፤ ጋሼም ከሄዱት አንዱ ነው። ሲሸኝ ስሙን በእንጨት ቆርጬ ሰጠሁት። ከጠርዙ ላይ በጣቱ ዳበሰና ብናኝ ፈለገ፤ አላገኘም።

እማዬ አሁን የምታማርረው በጩኸቱ ነው። ቫኪዩሙ ከማሽኗ ይልቅ ይጮኻል፤ እውነቷን ነው። ከምሳ በኋላ ስትተኛ አልሠራም፤ ማታም ከሁለት ሰዓት በኋላ አልሠራም። ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ከመታች አጠፋለሁ። ጭራው በስምንት ወር አካባቢ ያልቃል። አሁን የተገጠመው ሦስተኛው ነው፤ ለእሷም አንድ አዲስ ገዝቼላታለሁ፤ የበፊቱን ያህል አይደለም ትላለች።